«ሲስተም የለም» ከመባሉ በፊት

አንድ ቢሮ ገብታችሁ፣ ወረፋ ጠብቃችሁ፣ መስኮቱ ጋ ስትደርሱ «ሲስተም የለም» ተብላችሁ የማታውቁ ካላችሁ እስቲ እጃችሁን አውጡ… አንድም የለም አይደል? ዛሬ የምናጫውታችሁ ከዚያች መስኮት በስተጀርባ ስላለው ጉድ ነው። ወሬው የኮምፒዩተር ቋንቋ ይበዛበታል። ግን አትሽሹ፤ እኛም ስንጀምር ራውተር የቱ፣ ስዊች የቱ እንደሆነ አናውቅም ነበር።

«እኛ» የምንለው እንደ ልማዳችን ራሳችንን ነው። ጋዜጠኝነት ተመርቀን፣ በየሬዲዮ ጣቢያው ሲቪ በትነን በትነን ሲደክመን፣ በየክልሉ ቅርንጫፍ ባለው አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት የሕዝብ ግንኙነት ክፍል የገባነው እኛ። (ስሙን አንጠራም፤ እንጀራችን ነው።) ሥራችን የውስጥ መጽሔት ማዘጋጀት ነበር። ታዲያ በ2015 ዓ.ም. አንድ ቀን የጨረታ ኮሚቴው ፀሐፊ ወሊድ ወጣች። «ቃለ ጉባኤ የሚይዝ፣ እንግሊዝኛም የሚያነብ ሰው ፈልጉ» ተባለ፤ እኛን ጎትተው ወሰዱን። የሚገዛው ምንድን ነው ብንል «የኔትወርክ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር» አሉን። እኛ የመሰለን ሠራተኛው ፌስቡክ እንዳይከፍት የሚያደርግ ነገር ነበር!

ነገሩ ሌላ ነው። መሥሪያ ቤታችን 180 ቅርንጫፍ አለው እንበል። በየቅርንጫፉ መስመሩን ከዋናው መሥሪያ ቤት ጋር የሚያገናኝ አንድ ራውተር፣ ኮምፒዩተሮቹ የሚሰኩበት አንድ ስዊች፣ መብራት ሲጠፋ ደግፎ የሚያቆይ አንድ ዩፒኤስ አለ። ሶፍትዌሩ አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ በየጥቂት ደቂቃው እያንዳንዱን ዕቃ «አለህ ወይ?» እያለ ይጠይቃል። የሚነጋገሩበት ቋንቋ ኤስ ኤን ኤም ፒ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1988 የተወለደ አንጋፋ ነው። ዕቃው «አለሁ፤ ሙቀቴ ይሄን ያህል ነው፤ በዚህኛው ፖርት ይሄን ያህል መረጃ አልፏል፤ አንደኛው ፓወር ሰፕላዬ ግን ሞቷል» ብሎ ይመልሳል። ካልመለሰ ነጥቡ ከአረንጓዴ ወደ ቀይ ይቀየርና አላርም ይጮኻል። በቃ፣ ሥራው ይኸው ነው። ሐኪም አይደለም፤ የልብ ምት የሚያዳምጥ ነርስ በሉት።

እንግዲህ ይህን ነርስ እንዴት መረጥነው? ኧረ ተዉን! የቴክኒክ መመዘኛውን እንድንጽፍ የተሰጠን አምስት ቀን ነበር። ከኮሚቴው ውስጥ ኔትወርክ የሚያውቁት ሁለቱ መስክ ላይ ነበሩ። ስለዚህ ኢንተርኔት ላይ ገብተን የሦስት ኩባንያዎችን ብሮሹር አወረድንና በየብሮሹሩ ላይ ያለውን ጥሩ ጥሩ ነገር ሁሉ እየለቀምን ወደ ሠንጠረዥ ገለበጥነው። 147 መስፈርት ሆነ። አለቃችን ገለጥ ገለጥ አድርገው «ጎሽ ልጆቼ፣ ወፍራም ነው» አሉን። እኛም ኮራን።

ከዚያ ተጫራቾች ሰነድ አስገቡ። በ147ቱም መስፈርት ፊት ለፊት ሁሉም የጻፉት አንድ ዓይነት ነው፦ «ሙሉ በሙሉ ያሟላል»። አንዱ ያሟላል፣ ሁለተኛው ያሟላል፣ ሦስተኛውም ያሟላል። ሁሉም መቶ ከመቶ ካመጣ ውድድሩ ወዴት ይሄዳል? ወደ ዋጋ። ርካሹ አሸነፈ። ከወራት በኋላ ግድግዳ የሚያክል ስክሪን ተሰቀለ፤ በላዩ ላይ የኢትዮጵያ ካርታ፣ በካርታው ላይ 180 አረንጓዴ ነጥቦች። ሪባን ተቆረጠ፣ ቆሎና ለስላሳ ተበላ፣ ተጠጣ። በመጽሔታችን የፊት ገጽ ላይ «ዘመናዊ የኔትወርክ መቆጣጠሪያ ማዕከል ሥራ ጀመረ» የሚለውን ዜና ከነፎቶው የጻፈው ማን ይመስላችኋል? እኛው ነን!

በግንቦት 2016 አንድ ሰኞ ጠዋት ቢሮ ስንገባ ካርታው ላይ አንድ ሙሉ አካባቢ ቀልቷል። 41 ቅርንጫፍ። ወሩ ገና መባቻው ስለነበር ጡረታቸውን ሊቀበሉ የመጡ አዛውንቶች በየበሩ ላይ ተሰልፈዋል። ከአንድ ቅርንጫፍ የተላከልን ፎቶ እስከ ዛሬ ስልካችን ውስጥ አለ፤ አንዲት እናት በጃንጥላቸው ተደግፈው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፣ ከኋላቸው በሩ ላይ በእስክሪብቶ «ሲስተም የለም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። መስመሩ የተመለሰው ከቀኑ 5 ሰዓት ሲሆን ነው።

በማግስቱ ጥፋተኛ ተገኘ። የሌሊት ተረኛው ልጅ።

ልጁን በመልክ እናውቀዋለን። ማታ 2 ሰዓት ይገባል፣ ጠዋት 2 ሰዓት ይወጣል፤ በር ላይ ስንተላለፍ ዓይኑ ሁልጊዜ ቀይ ነው። የሰው ሀብት ክፍል የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ጻፈለት። ደብዳቤው በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ ሲስተሙ 3፡12 ላይ ብልሽቱን አሳውቆ ሳለ፣ ተረኛው ሌሊቱን ሙሉ ምንም እርምጃ አልወሰደም። የደብዳቤው ግልባጭ እኛ ጋ የመጣው ለማጣሪያው ቃለ ጉባኤ እንድናያይዘው ነው። አያይዘን ዝም ብንል ኖሮ ይህን ጽሑፍ አትነቡም ነበር።

ያላስቻለን ያቺ 3፡12 ናት። ሶፍትዌሩ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው። በፈረንጅ 3፡12 ማለት በእኛ ከሌሊቱ 9፡12 ነው! ደብዳቤውን ያረቀቀው ሰው ግን ከምሽቱ 3፡12 አድርጎ አንብቦታል። ልጁ ስድስት ሰዓት ሙሉ ያልሠራው ጥፋት ተጨመረበት። ሄደን ለጸሐፊው ስንነግረው «ያው ነው፣ ለማንኛውም ተኝቷል» አለን። ያው ነው!

እናላችሁ፣ ያለ ሥራችን ገብተን የአላርሙን መዝገብ ለመንን። ጋዜጠኛ ባንሆንም ወረቀት ማንበብ ተምረናል። ከዓርብ ማታ እስከ ሰኞ ጠዋት ለተረኛው የተላከው ኢሜይል ከ6 ሺህ በላይ ነው። ሦስት ቀን ቁጭ ብለን አነበብነው። አብዛኛው ምን መሰላችሁ? ሠራተኛ ዓርብ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ ሲወጣ ስዊቹ «ይህ ፖርት ሞተ!» ብሎ ይጮኻል። ፕሪንተር ሲጠፋ ይጮኻል። መብራት ብልጭ ድርግም ሲል ዩፒኤሱም፣ ራውተሩም፣ ስዊቹም እየተቀባበሉ ይጮኻሉ፤ ሲመለስ ደግሞ «ተመለስኩ» እያሉ ይጮኻሉ። በዚህ ሁሉ መሀል፣ ዓርብ ከቀኑ 10 ሰዓት ከ5 ላይ፣ አንዲት መስመር አለች፦ የዚያ አካባቢ ዋናው ስዊች ሁለተኛ ፓወር ሰፕላይ አይሠራም። 41ዱ ቅርንጫፍ የሚያልፈው በዚህ ስዊች ነው። ሁለት ፓወር ሰፕላይ ነበረው፤ አንዱ ዓርብ ሞተ፣ ሁለተኛው ሰኞ ሌሊት 9፡12። መሀል ላይ ሁለት ቀን ተኩል ነበረን። ዓርብ በ10 ሰዓት ደግሞ ልጁ ሥራ ላይ አልነበረም፤ የቀን ተረኛ ነበር፣ አለቆች ነበሩ፣ እኛም ነበርን።

ከዚያ ይባስ ብሎ አንድ ነገር ትዝ አለን። የመጀመሪያውን የጨረታ ሰነድ አውጥተን ገለጥነው። ተራ ቁጥር 63፦ «በኔትወርኩ ላይ ማንኛውም ለውጥ ሲከሰት ወዲያውኑ በኢሜይል ማሳወቅ የሚችል።» ማንኛውም! በእጃችን የተየብናት ናት። አቅራቢው የታዘዘውን አደረገ። ስድስት ሺውን ኢሜይል ለልጁ የላክነው እኛ ነን ማለት ነው።

ሰባት ወር ያህል ውስጥ ነገሩ እንደገና ጨረታ ላይ ወደቀ። ምክንያቱ ግን የልጁ ደብዳቤ እንዳይመስላችሁ፤ ዶላር ነው። ላይሰንሱ በየዓመቱ የሚታደስ፣ በዶላር የሚከፈል ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ባንክ ውስጥ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። የእድሳት ደረሰኙ ሲመጣ የፋይናንስ ኃላፊያችን መነጽራቸውን አውልቀው እንደገና አደረጉት። «ሌላ ፈልጉ» አሉ። በዚህ ጊዜ ፀሐፊዋ ከወሊድ ተመልሳ ነበር፤ እኛ ግን ኮሚቴው ውስጥ እንቆይ ብለን በጽሑፍ ጠየቅን። ሰው ኮሚቴ ውስጥ ልግባ ብሎ ሲለምን አይተው ስለማያውቁ ደንግጠው ፈቀዱልን።

ሁለተኛውን ምርጫ ከብሮሹር አልጀመርንም። አንድ ማታ ቡና በፔርሙስ ይዘን ልጁ ጋ ሄድን። «እናንተ የኮሚቴ ሰዎች በሌሊት ምን ልትሠሩ መጣችሁ?» አለን። እስከ ንጋት አብረነው ቆየን። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ሰው አላርም እንዴት እንደሚያነብ ብሮሹር ላይ አይገኝም። በመጨረሻ «ምን ቢኖርህ ትፈልጋለህ?» ስንለው ብዙ አላሰበም፦ ዋናው ሲወድቅ ከኋላው ያሉት 41ዱ አብረው እንዳይጮኹብኝ፤ የመብራት ችግር ይሁን የመስመር ለይቶ ይንገረኝ፤ «አይቼዋለሁ» ብዬ ስጫን ዝም ይበል፣ ማየቴም ይመዝገብልኝ፤ ሰዓቱ በእኛ ሰዓት ይጻፍ። የመጨረሻዋን ሲናገር ወደ እኛ አላየም።

እዚህ ላይ ስለ ላይሰንስ ትንሽ እናውራ፤ ብዙ መሥሪያ ቤት የሚታለለው እዚህ ነውና። አንዱ አቅራቢ የሚያስከፍለው በዕቃ ቁጥር ነው። 180 ቅርንጫፍ በሦስት ዕቃ ሲባዛ 540። ሌላው በፖርት ይቆጥራል፤ ባለ 24 ፖርት ስዊች ብቻ 4,320 ይመጣል። ሌላው ደግሞ «ሴንሰር» የሚለው አለ፤ ከአንድ ዕቃ ላይ የሚለካ እያንዳንዱ ነገር፣ ሙቀቱ አንድ፣ ፍጥነቱ አንድ፣ ባትሪው አንድ እያለ ይቆጠራል። በዕቃ አሥር ብትለኩ 5,400። ስለዚህ «የአንዱ ዋጋ ስንት ነው?» ብሎ ማወዳደር በርበሬን በኪሎ፣ ዘይትን በሊትር ይዞ የቱ ይረክሳል እንደ ማለት ነው። እኛ ሁሉንም «ለእነዚህ 180 ቅርንጫፎች፣ ለሦስት ዓመት፣ ጠቅላላ በብር ስንት?» ብለን ጠየቅን። የአንዱ አቅራቢ ተወካይ ያኔ ነው ፈገግታው የጠፋው። ደግሞስ 4,320 ፖርት መቁጠር ለማን ይጠቅማል? የልጁን ኢሜይል የሞሉት እኮ እነዚያ ናቸው! በየቅርንጫፉ ጣጣ የሚያመጣው ወደ ራውተሩ የሚሄደው አንዱ ፖርት ነው።

ላይሰንስ የማይከፈልባቸውም አሉ። ናጊዮስ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1999 በሌላ ስም የተጀመረ ነው። ዛቢክስ የተባለው ደግሞ የላትቪያው አሌክሴይ ቭላዲሼቭ የሠራው፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ለሕዝብ የተለቀቀ ነው። አለቃችን «ነፃ ነገር ይታመናል እንዴ?» አሉ። ጥያቄያቸው መጥፎ አይደለም፤ መልሱ ግን ሶፍትዌሩ ላይ የለም። ላይሰንሱ ነፃ ነው፣ የሚያስተካክለው ሰው ግን ነፃ አይደለም። አንድ ጎበዝ ልጅ ቀርጾ ቀርጾ ይሠራዋል፤ በዓመቱ ባንክ ደመወዝ ጨምሮ ይወስደዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚነካው ይጠፋል። ስለዚህ ነፃውን የሚያቀርብ ቢመጣ የድጋፍ ውልና የሁለት ሠራተኞች ሥልጠና የግድ አብሮ ይምጣ አልን። ሁለት ያልነው አንዱ እንደሚሄድ ስለምናውቅ ነው።

በኢንተርኔት በኩል ከውጭ ሆኖ የሚሠራ አማራጭም ቀርቦ ነበር። ማራኪ ነው፤ ሰርቨር የለው፣ ጥገና የለው። ከኔትወርክ ልጆቹ አንዱ ግን «ሰኔ 2012ን ረሳችሁት?» አለ። ያኔ ኢንተርኔት በአገሪቱ ለሦስት ሳምንት ገደማ ተዘግቶ ነበር። የቅርንጫፎቹ የግል መስመር ኢንተርኔት ሳይኖርም ሊሠራ ይችላል፤ የሚጠብቀው ዓይን ውጭ አገር ከሆነ ግን ይታወራል። በዚያው ስናስብ ሌላ ቀዳዳ አገኘን፦ አላርሙ የሚመጣው በኢሜይል ነው፣ ኢሜይሉ የሚያልፈው በዚያው በሞተው ኔትወርክ ነው! ሲም ካርድ የሚወስድ ሞደም ተያይዞ በቀጥታ ስልክ ላይ መልእክት ይላክ ተባለ። ይህ በ147ቱ መስፈርት ውስጥ አልነበረም።

ሌላው ጭንቀታችን ደህንነት ነበር። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2020 ዓለምን ያስደነገጠውን የሶላርዊንድስ ታሪክ ታስታውሱት ይሆናል። ሶላርዊንድስ የአሜሪካ ኩባንያ ነው፤ ኦሪዮን የተባለው ምርቱ ልክ እንደ እኛ ዓይነቱ መቆጣጠሪያ ነው። ሰርጎ ገቦች ተንኮል ያዘለ ኮድ ኩባንያው ለደንበኞቹ በሚልከው ማሻሻያ ውስጥ ደበቁ፤ እስከ 18 ሺህ የሚደርሱ ደንበኞች ማሻሻያውን አምነው ጫኑት። ከእነሱም መካከል በተመረጡት፣ የአሜሪካ ግምጃ ቤትን ጨምሮ፣ ወራሪዎቹ ዘልቀው ገቡ። በኋላ የአሜሪካ መንግሥት ሥራው የሩሲያ የውጭ ስለላ ተቋም ነው ብሏል። ነገሩን ያወጣው ፋየርአይ የተባለ የደህንነት ኩባንያ ነው፤ እሱም ራሱ ተጠቅቶ ነው የደረሰበት። ይህን ስናነብ የገባን፣ የመቆጣጠሪያው ሰርቨር የሁሉንም በር ቁልፍ ታጥቆ የሚዞር ዘበኛ መሆኑን ነው። የእኛዎቹ ዕቃዎችስ? አስፈትሸን ስናይ ብዙዎቹ የሚመልሱት «ፐብሊክ» ለሚለው፣ ከፋብሪካ ይዘውት ለመጡት የይለፍ ቃል ነበር። በአሮጌው የኤስ ኤን ኤም ፒ ቅጂ ደግሞ ይህ ቃል ሳይመሰጠር ነው በመስመር ላይ የሚሄደው። ሦስተኛው ቅጂ ይመሰጥራል። እሱ ብቻ ይፈቀድ፣ ሶፍትዌሩም ማየት እንጂ መቀየር አይቻለው ብለን ጻፍን። የኔትወርክ ኃላፊያችን ይህን አንቀጽ ሲያነቡ ፊታቸው ቀላ፤ የይለፍ ቃሉን ግን በሳምንቱ አስቀየሩ።

ምን አለፋችሁ፣ 147ቱ መስፈርት ወደ 22 ወረደ። «ያሟላል» የሚለውን መልስም አንቀበልም፣ አሳዩን አልን። ሦስት ተወዳዳሪዎች በ10 ቅርንጫፍ ላይ ለ30 ቀን ጎን ለጎን ተጫኑ። የፈተናውን ቀን የመረጠው ልጁ ነው፦ ቅዳሜ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት። ሁላችንም ጋቢ ለብሰን ስክሪን ፊት ተኮለኮልን። አሥሩ የሚያልፉበትን የአካባቢ ስዊች እዚያ ያለው ቴክኒሻን ከሶኬት ነቀለው። ሰዓታችንን ያዝን።

የመጀመሪያው ተወዳዳሪ በሁለት ደቂቃ ውስጥ 31 መልእክት ላከ፤ የልጁ ስልክ ጠረጴዛው ላይ እንደ ተያዘ ዓሣ ተንፈራገጠ። ሁለተኛው አሥራ አምስት ደቂቃ ዝም አለ፤ ተወካዩ «ይመጣል፣ ይመጣል» እያለ ላብ አጠመቀው። ሦስተኛው በሦስት ደቂቃ ውስጥ አንድ መልእክት ላከ። አንድ ብቻ። ዋናው ስዊች መጥፋቱን፣ ከኋላው 10 ቅርንጫፍ መቆረጡን፣ ዩፒኤሱ ግን መብራት እንዳለው ይናገራል። ሰዓቱም «ሌሊት 8፡17» ይላል። ልጁ አነበበና ስልኩን ለኛ አቀበለን። ያሸነፈው ይኸው ሦስተኛው ነው፤ ከነፃዎቹ አንዱ፣ ከነድጋፍ ውሉ። በዋጋም ሁለተኛ ነበር እንጂ ርካሹ አልነበረም፤ ፋይናንስን ለማሳመን የፈጀብን ጊዜ ለሌላ ቀን ይቆየን።

አሁን የሌሊት ተረኛው ጋ የሚደርሰው መልእክት በሳምንት በጣት የሚቆጠር ነው። ትልቁ ስክሪን ከነካርታው አለ፤ እንግዳ ሲመጣ ይበራል።

የልጁ ደብዳቤ ግን አልተነሳም። የሰዓቱን ስህተት፣ የዓርቡን አላርም፣ ተራ ቁጥር 63ንም ጭምር ጽፈን፣ ፈርመን፣ ለሰው ሀብት ክፍል ሦስት ማስታወሻ አስገብተናል። ለመጀመሪያው መልስ የለም። ለሁለተኛው «ውሳኔው የተሰጠው በወቅቱ በነበረው መረጃ ነው» ተባልን። ሦስተኛው መዝገብ ቤት ጠፍቷል ተባለ። ልጁ ደግሞ ሌላ ቦታ አመልክቷል፤ የሥራ ልምድ ማስረጃ ሲጠይቅ ፋይሉ ውስጥ «የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ» ተቀምጦ ይጠብቀዋል። «ተዉት፣ እናንተ ቃለ ጉባኤ ያምርባችኋል እንጂ ደብዳቤ አይሆንላችሁም» ብሎ ይስቅብናል።

አራተኛውን ሰኞ ጠዋት እናስገባለን። በዚህኛው ላይ የመዝገብ ቤቱን ቁጥር ሳንቀበል ከመስኮቱ አንነሳም። ሲስተም ካለ ማለታችን ነው። እስከዚያው ቸር ሰንብቱልን!